የመርጡለ ማርያም ግንብ ስንት መምህር ይፈልጋል?

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያረሰርሰው፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ያለው ዋልካ መታረስ ይጀምራል። በአምበር ዙሪያ ገበሬው ጥማዱን ይዞ ማልዶ ይወጣል። የጤፍ ማሳ አንዴ ታርሶ አይዘራም፤ ይታረሳል፣ ይደገማል፣ ይሰለሳል፣ ከዚያም ይቀጥላል። ማረሻው በተመላለሰ ቁጥር ከሥር የከረመ ነገር ወደ ላይ ይወጣል፤ የሸክላ ገል፣ የተበላ የወፍጮ መጅ፣ አልፎ አልፎም አረንጓዴ ዝገት የለበሰ የጥይት ቀለህ። ገበሬው መጁን አንስቶ ወደ ወሰኑ ይጥለዋል። ገሉን ልጆች ያነሱትና ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱበታል።

ያን ገል ሸክላ ስትሠራ ለኖረች ሴት ቢያሳዩአት ግን ወዲያው አትጥለውም። ታገላብጠዋለች። በአውራ ጣቷ ጠርዙን ትዳስሰዋለች። አንደኛው ፊቱ ለስልሶና ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ፣ ጀርባው ሻካራና ጥላሸት የያዘ ከሆነ ምጣድ ነበር፤ ያ ልስላሴ በጎመን ዘር ሲሟሽና እንጀራ ሲጋገርበት የኖረ ፊት ነው። ስባሪው ወፍራም ሆኖ በጣም በዝግታ የሚጎብጥ ከሆነ የጋን ሆድ ነው፤ በቶሎ የሚጠማዘዝ ከሆነ የእንስራ ወይም የጀበና አንገት ይሆናል። ስብራቱ ላይ ያለውን የአፈር ቅንጣት አይታም ጭቃው ከደቃቅ አሸዋ ጋር ተለውሶ እንደነበር ትናገራለች። አርኪዮሎጂስት የሚባለው ባለሙያ በመጀመሪያ ደረጃ ገል ሲለይ የሚያየው እነዚህኑ ምልክቶች ነው። ልዩነቱ እሱ በዲግሪ መማሩ፣ እሷ ደግሞ ከእናቷ መውረሷ ነው።

ይህን ሳይንሱም ያውቀዋል። ዳያን ላየንስና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በትግራይ ገጠር ከእናቶች ጓዳ ገብተው፣ የትኛው እህል በምጣድ፣ የትኛው በምድጃ እንደሚጋገርና ለምን እንደሆነ እየጠየቁ ያጠኑትን በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአንትሮፖሎጂ መጽሔት አሳትመዋል። ጥያቄያቸው በኢትዮጵያ ደጋ የእህል እርሻ እንዴት እንደተጀመረ የሚመለከት ነበር። እንደ ጤፍና ማሽላ ያሉት የአፍሪካ እህሎች የስንዴን ያህል የሚለጠጥ ሊጥ አይወጣቸውም፤ ስለዚህ የሚስማማቸው ምጣድ ነው። ከመሬት የሚወጣ አንድ የምጣድ ስባሪ ስለ እህሉም የሚናገረው ነገር አለው ማለት ነው። ይህን ለተመራማሪዎቹ ያስረዱት ጋጋሪዎቹ ናቸው።

በውጭው ዓለም የሕዝብ አርኪዮሎጂ የሚባል ትምህርት አለ። ስሙ በሰፊው የታወቀው ቻርልስ ማክጊምሲ የተባለ አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት በ1972 እ.ኤ.አ. በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ ነው። መነሻ ሐሳቡ ያለፈው ዘመን ዕውቀት የሕዝብ ሀብት በመሆኑ ሕዝቡ በጥበቃውም በጥናቱም ድርሻ ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ሰፍቶ የሕግ ባለሙያን፣ መሐንዲስን፣ መምህርን፣ ጋዜጠኛን፣ የሙዚየም ሠራተኛን፣ የእምነት አባትን በአንድ ክፍል አቀማምጦ ስለ አንድ ቅርስ ማነጋገር ተለምዷል። በኢትዮጵያ፣ በተለይም በምሥራቅ ጎጃም፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች አሉ። የጎደለው እነሱን በአንድ ቅርስ ፊት የሚያገናኝ ክፍል ነው።

የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ለዚህ ክፍል የተዘጋጀ ይመስላል።

መርጡለ ማርያም በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የምትገኝ ጥንታዊት ደብር ናት። አሁን አገልግሎት ከሚሰጠው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተጠረበ ድንጋይ ግንብ ቆሟል፤ ጣሪያው የለም፣ ግድግዳው በከፊል ፈርሷል። በቀረው ላይ ግን አበባ፣ መስቀልና ሐረግ ተፈልፍሎበታል፤ ከዓምዱና ከቅስቱ ጋር ተያይዞ የሚሄደው ቅርጽ አሁንም ሹል ጠርዙን አልለቀቀም። እንዲህ ያለ የድንጋይ ሥራ በጎጃም ገጠር ሌላ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ታዲያ ማን ሠራው? መቼ?

የደብሩን አባቶች ለጠየቀ ሰው መልሱ ከአብርሃና አጽብሐ ይጀምራል። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት መርጡለ ማርያም ከክርስትና በፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብባቸው ከነበሩ ቦታዎች አንዷ ናት። የታሪክ ተመራማሪው ደግሞ ንግሥት እሌኒን ያነሣል። እሌኒ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ16ኛው መጀመሪያ በቤተ መንግሥት እጅግ ተሰሚ የነበረች፣ ለዐፄ ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሞግዚት ሆና አገር ያስተዳደረች፣ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላከች ሴት ናት። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ እሌኒ በጎጃም ስላሠራችው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ጽፏል። ሕንፃው በግራኝ ጦርነት ጊዜ ጠፋ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢጣሊያዊው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ብሩኖ ብሩኒ እዚያው ቦታ ላይ ሕንፃ አስነሣ። ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ ከሁለቱ የየትኛው እንደሆነ ምሁራን ሲከራከሩበት ኖረዋል። አንዱ ጌጡን ለእሌኒ ሠራተኞች ይሰጣል፤ ሌላው በሚሲዮናውያኑ ዘመን ከሕንድ በኩል የመጣ እጅ ያይበታል።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም ሲዘዋወር ፍርስራሹን አይቶ፣ ስለሱ የጻፈው በ1847 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ታትሟል። በ1984 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ በተካሄደው 8ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤም ስቴፈን ቤል ስለዚሁ ግንብ ጥናት አቅርቧል። በቅርቡ ደግሞ በማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲው ቪክቶር ፈርናንዴዝ የሚመራ ቡድን በጎርጎራ፣ በአዘዞ፣ በደንቀዝና በሌሎችም ቦታዎች የሚሲዮናውያኑን ሕንፃዎች ሲያጠና መርጡለ ማርያምንም አካቷል፤ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ግንበኛ ቢገባ ምን ያያል? የግንበኛ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ማያያዣው ላይ ነው። ጭቃ ነው ወይስ ኖራ? የኢየሱሳውያን ጸሐፍት እንደተረኩት በአገሩ ኖራ ለግንብ መዋል የተስፋፋው በ1620ዎቹ ነው። የግንበኛው ጥያቄ ስለዚህ ተራ ጥያቄ አይደለም፤ በየትኛው ዘመን ሥራ ፊት እንደቆምን የሚለይ ጥያቄ ነው። በኖራ የተያያዘ ግድግዳ ሥር በጭቃ የተያያዘ ሌላ መሠረት ከተገኘ፣ ሁለት ሕንፃ አንዱ በሌላው ላይ እንደተሠራ ጥርጣሬ ይነሣል። ድንጋይ ጠራቢው ደግሞ የመሮውን ምት ይከተላል፤ ሁለት የተለያዩ እጆች የጠረቡት አበባ እንደማይመሳሰል ያውቃል። አንድ ድንጋይ ተገልብጦ ወይም ጌጡ ወደ ውስጥ ዞሮ የተገነባ ከሆነ፣ ከሌላ ሕንፃ ተነሥቶ እንደመጣ ከማንም ቀድሞ የሚነግረን እሱ ነው።

ለታሪክ ጥናት ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። ለጥበቃ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጉት የደብሩ ሰዎች ናቸው። ግንቡ እስከ ዛሬ የቆመው ቅርስ ጥበቃ የሚባል መሥሪያ ቤት ስለነበረ አይደለም፤ ቢክ ሲደርስ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት በዓለም ላይም ብርቅ ነበር። የቆመው ቦታው የተቀደሰ ነው ተብሎ ድንጋዩን ለቤቱ ካብ የሚነቅል ሰው ስላልተገኘ ነው። ስለዚህ ለተማሪ ስለ ግንቡ ሲነገር የቄሰ ገበዙ ትረካ ተረት ተብሎ ወደ ጎን የሚገፋ፣ የፈረንጁ ልኬት ብቻ ዕውቀት ተብሎ የሚቀርብ ከሆነ ትምህርቱ ከመነሻው ተበላሸ። በተቃራኒው ተማሪው ትውፊቱን ብቻ ሰምቶ ስለ ኖራው፣ ስለ እሌኒና ስለ ብሩኒ ሳይሰማ ከወጣም ከራሱ አገር ታሪክ ግማሹን አጣ። ሁለቱንም መስማት፣ የት እንደሚገጥሙና የት እንደሚለያዩ ማየት አለበት። ይህ እምነትን መንካት አይደለም። አባቶች ራሳቸው ስለ ጥንታዊ ዕቃቸው ሲነግሩ ማን እንደሰጠ፣ በማን ዘመን እንደገባ በጥንቃቄ የሚያስቀምጡ፣ የዕቃ ቤት መዝገብ የሚይዙ ሰዎች ናቸው።

ከመርጡለ ማርያም ወደ ሞጣ፣ ከሞጣም ወደ ዓባይ ቢወረድ ሌላ ዓይነት ክፍል ይገኛል። ሰባራ ድልድይ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኝ፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ ነው። ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው፤ አርበኞች የጠላትን መሻገሪያ ለመቁረጥ መካከሉን አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሁለቱ ወገን ያለው ገበያተኛ የሚሻገረው በገመድ ነበር። መሻገር የፈለገ ሰው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፤ ወዲያ ማዶ የቆሙ ወንዶች ይስቡታል፤ ከሥሩ ዓባይ አለ። ይህን ትርኢት የሚያሳይ ፎቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ታተመ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ በ2001 እ.ኤ.አ. ፎቶውን አይቶ ተነሣ፤ በቀጣዩ ዓመት ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ የተሰበረውን ቦታ በብረት አገናኘው። ከዚህ ሥራ የተወለደው ድርጅት ዛሬ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ይሠራል። በ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፍ የብረቱን ማገናኛ ወሰደው፤ በኋላ በገመድ የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ተሠራ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስንት ባለሙያ እንዳለ ይታይ። የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግንበኛ አለ። የትኛውን ቅስት ቢያፈርስ ድልድዩ እንደሚቆረጥ ያወቀ አርበኛ አለ። ፎቶ አንሺ አለች። መሐንዲስ አለ። የዓባይን የክረምት ሙላት ለክቶ የሚያውቅ የውሃ ባለሙያ መኖር ነበረበት። ከሁሉም በላይ እህሏን ተሸክማ ገበያ መሄድ የምትፈልግ ሴት አለች። የሕዝብ አርኪዮሎጂ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች ከባዱ እዚህ ላይ ነው። ስብራቱ ራሱ የአርበኝነት ቅርስ አይደለም ወይ? ከተጠገነ የፋሲልን ድልድይ አዳንን ወይስ የአርበኞችን ምልክት አጠፋን? የጥንቱን ሳይነኩ አዲስ ድልድይ ከጎኑ መሥራትስ ለምን መጀመሪያ አልታሰበም? የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ሁለት ወገን ሆኖ መከራከር ይችላል። እንደ መማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ ባይኖራቸውም፣ ተማሪው ሲከራከር ስለ ቅስት አሠራርም፣ ስለ ወረራውም፣ ስለ ዓባይ ጎርፍም ማንበብ ይኖርበታል።

የወረራው ዘመን በምሥራቅ ጎጃም ሰው አፍ ላይ ገና ትኩስ ነው። በላይ ዘለቀ የተዋጋበት አገር ነው። በረሃው፣ ዋሻው፣ ምሽጉ በስም ይታወቃል። ነገር ግን በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ቢኖር ከመቶ ዓመት በላይ ነው። የቀረው ከአባት የሰማው ልጅ ነው፤ እሱም አርጅቷል። ያ ትዝታ ከመሬቱ ጋር ሳይገናኝ ካለፈ ዋሻው ዋሻ ብቻ ይሆናል።

እንዴት ሊገናኝ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ በዚያው በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ አለ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ዘረት በተባለ ቦታ በአንድ ትልቅ ዋሻ የተጠለሉ ሰዎችን ከብቦ በመርዝ ጋዝና በመትረየስ ፈጀ። የአካባቢው ሰው ቦታውን አመጸኛ ዋሻ ይለዋል። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣሊያዊ የታሪክ ተመራማሪ የራሱን አገር የጦር ሰነዶች ሲመረምር ፍንጩን አግኝቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ዋሻው ድረስ መጣ። ከእሱ በኋላ ስፔናዊው አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል ከኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህለና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ዋሻውን አጠና። የጣሊያን ሰነድ ስለ አማፅያን ነው የሚያወራው። በዋሻው ወለል ላይ ግን የእህል ማስቀመጫ፣ የቤት ዕቃ፣ ሸክላ፣ የሴቶችና የሕፃናት ቅሪት ነበር። ቤተሰብ ከነጓዙ ሸሽቶ የገባበት ቦታ እንደነበር መሬቱ መሰከረ። ሰነዱን የሚያነብ የታሪክ ሰው፣ ወለሉን የሚያነብ አርኪዮሎጂስት፣ የሟቾቹን ነገር ከአያቶቹ የሰማ ገበሬ፣ ሦስቱ ተገናኝተው ነው ነገሩ ሙሉ የሆነው። አንዱ ቢጎድል ወይ ቦታው ባልታወቀ፣ ወይ ሟቾቹ በገዳዮቻቸው ሰነድ በተሰጣቸው ስም ብቻ በቀሩ ነበር።

እንዲያውም የኢትዮጵያን አርኪዮሎጂ ታሪክ ላስተዋለ ሰው ግኝቶቹ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከሙያው ውጭ ካለ ሰው ነው። በቅርብ ዓመታት የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውን መልካ ቁንጡሬን በ1963 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋለው ዴከር የተባለ ኔዘርላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነበር። በአፋር ወራንሶ ሚሌ በ2016 እ.ኤ.አ. ለተገኘው፣ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ላለው ራስ ቅል የመጀመሪያውን ስባሪ ያነሣው የአካባቢው ከብት አርቢ ነው፤ ወደ ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን ወስዶ አሳየ። በትግራይ ውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ የሚባለው የጥንት ቤተ መቅደስ፣ አልመቃህ ለተባለው አምላክ የተሠራና ጽሑፍ ያለበት መሠዊያ የተገኘበት፣ የወጣው የአካባቢው ሰዎች ሲቆፍሩ ነው። የሃ አጠገብ ያለችው ቤተ ሳማቲም ከአካባቢው ሰው በተገኘ ምሪት በ2009 እ.ኤ.አ. ታወቀች፤ ነዋሪው ኮረብታው ተራ ኮረብታ እንዳልሆነ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ጣና አጠገብ የተደረገ አንድ ሥራም መጥቀስ ይገባል፤ ለጎጃም ገበሬ ቅርብ ነውና። ጆአን ዶምብሮውስኪ በ1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከጣና በስተምሥራቅ ላሊበላና ናጫቢየት የተባሉ ዋሻዎችን ቆፍራ የገብስና የሽምብራ ቅሪት አግኝታለች፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው። ገብስና ሽምብራ! ይህን የሰማ የአምበር ገበሬ ከአርኪዮሎጂስቱ ጋር የሚያወራው ነገር አያጣም። የትኛው መሬት ለሽምብራ እንደሚስማማ፣ ዝናቡ ሲወጣ በእርጥበቱ እንዴት እንደሚዘራ ጠንቅቆ የሚያውቀው እሱ ነው።

ታዲያ በትምህርት ቤት ምን እየሆነ ነው? ተማሪው በታሪክ መማሪያው ላይ ሉሲን ያገኛታል፤ አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርን ያጠናል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክን በመጀመሪያ ዓመቱ ይወስዳል፤ በመግቢያው ላይ ቁሳዊ ቅርስ አንዱ የታሪክ ምንጭ እንደሆነ ይነገረዋል። ነገር ግን በአብዛኛው ትምህርት ቤት አንድም ገል በእጁ ሳይነካ ነው የሚጨርሰው። ያጠናው ቅርስ ሁሉ ሩቅ ነው። በደጁ ያለው ማሳ፣ በቀበሌው ያለው የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን፣ ወንዙ ዳር ያለው የጣሊያን ምሽግ የታሪክ ትምህርት አካል መሆኑን የሚነግረው የለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ የመስክ ጉዞ ይቅርና ክፍል ውስጥ መቀመጥም ለብዙ ልጅ ብርቅ ሆኗል። ይህ ባለበት ስለ አርኪዮሎጂ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ግን ቅርስ በብዛት የሚጠፋው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ጠባቂ ይሸሻል፣ ዕቃ ቤት ይከፈታል፣ የሚመዘግብ ሰው አይኖርም። በመንደሩ ያለ ሰው ምን እንዳለው ካላወቀ፣ ምን እንደጠፋበትም አያውቅም።

ሌላም አደጋ አለ፤ ከግጭቱ በፊትም የነበረ ነው። በብዙ የአገሪቱ አካባቢ የተቀበረ ወርቅ አለ፣ ጣሊያን ሲሸሽ የደበቀው ሀብት አለ እየተባለ ሌሊት የሚቆፈር ጥንታዊ ቦታ ጥቂት አይደለም። ወርቁ አይገኝም። መቃብሩ፣ መሠረቱ፣ ወለሉ ግን ይተራመሳል፤ አንዴ የተተራመሰ አፈር ደግሞ የትኛው ከየትኛው በታች እንደነበር መልሶ አይናገርም። ይህን በፖሊስ ብቻ ማስቆም አይቻልም። ቆፋሪው የሚፈልገው ወርቅ እንደሌለ፣ ትቶት የሚሄደው ገል ግን እውነተኛው ሀብት መሆኑን የሚያስረዳው ጎረቤት ያስፈልገዋል።

በአምበር አንድ ክፍል እንዴት ሊሠራ ይችላል? ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የታሪክ መምህሩ ተማሪዎቹን ከየማሳቸው ጫፍ ተጥሎ ያገኙትን ገል እንዲያሳዩት ይጠይቃል፤ እንዲቆፍሩ ሳይሆን የት እንደታየ ጽፈውና ስለው እንዲመጡ። ሸክላ ሠሪዋ ትጋበዛለች። በጎጃም ሸክላ ሠሪ ለብዙ ዘመን በክፉ ዓይን ስትታይ፣ ስም ሲለጠፍባት ኖራለች፤ ስለዚህ ወደ ክፍል የምትገባው እንደ ማንኛውም እንግዳ መምህር ተከብራ፣ የቀኗ ዋጋ ተከፍሏት መሆን አለበት። ልጆቹ «እትዬ፣ ይህ የምን ነበር?» ብለው ሲጠይቋት የሚሰሙት ስለ ጋንና ስለ ምጣድ ብቻ አይሆንም፤ ዕውቀት ከማን ቤት እንደሚገኝም ይማራሉ። በሌላ ሳምንት ግንበኛው ይመጣል። በሌላው ቄሰ ገበዙ፣ የወረዳው ዐቃቤ ሕግ፣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያው። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የቅርስ መምህራንም ሩቅ አይደሉም፤ ተማሪዎቻቸውን ለልምምድ ወደ አምበር ቢልኩ የሚጠቀሙት ሁለቱም ወገኖች ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን መጋበዝ ያለበት የግብርና ልማት ሠራተኛው ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ በክልሉ ሁሉ ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ ዶማና አካፋ ይዞ ተራራውን በእርከን ይከትራል። ይህ ለአፈር ጥበቃ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በስፋቱ ከማንኛውም የአርኪዮሎጂ ቡድን ቁፋሮ ይበልጣል፤ የሚቆፈረውም ዳገት፣ የኮረብታ ወገብ፣ የጥንት ሰው የሰፈረበትና የቀበረበት ቦታ ነው። በየቀበሌው ያለው የልማት ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥልጠና ቢያገኝ፣ የተቆለለ ድንጋይ የመቃብር ካብ መሆኑን፣ የተከማቸ ገል የሰፈር ምልክት መሆኑን ለይቶ ስልኩ ላይ ፎቶ አንስቶ ቦታውን ቢመዘግብ፣ በአንድ የበጋ ወቅት የሚሰበሰበው መረጃ አንድ የውጭ ቡድን በዓመታት ከሚሰበስበው አያንስም። በእንግሊዝና በዌልስ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተራ ሰው ያገኘውን ጥንታዊ ዕቃ የሚያሳውቅበት ሥርዓት ተዘርግቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃ ተመዝግቧል። የእኛ ሕግና ሁኔታ የተለየ ነው፤ ሠራተኛው ግን በየቀበሌው አለ።

ሕጉም አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአንቀጽ 41 ስለ ድንገተኛ ግኝት ይደነግጋል። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ፣ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማስታወቅና እስኪረከበው ድረስ እንዳለ ጠብቆ ማቆየት አለበት። ባለሥልጣኑ ደግሞ መርምሮ መረከብና መመዝገብ ይጠበቅበታል፤ በስድስት ወር ውስጥ አስፈላጊውን ካላደረገ ያገኘው ሰው ሁኔታውን ዘርዝሮ ለክልሉ መንግሥት በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ሊወርድ ይችላል። ያገኘውን ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ለጥበቃው ያወጣው ወጪም ካለ እንዲተካለት አዋጁ ያዛል። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ስንት ነው? ይህን አንቀጽ በአማርኛ በአንድ ወረቀት አትሞ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት መለጠፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ዛሬ ሊጀምረው ይችላል።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም በማሳዎ፣ በቤትዎ መሠረት ወይም በእርከን ቁፋሮ ላይ ቅርስ የሚመስል ነገር ቢያጋጥምዎት ከቦታው አያንሱት፤ አይጠቡት፤ የት እንደነበረ፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደወጣ ይጻፉ፤ ስልክ ካለዎት ከአጠገቡ የሚታወቅ ነገር አስቀምጠው ፎቶ ያንሱት። ከዚያ በቅርብዎ ላለው መምህር ይንገሩ፤ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩልም ለቅርስ ባለሥልጣኑ በጽሑፍ ያስታውቁ፤ የማመልከቻውን ቅጂም ቀኑ ተጽፎበት ማኅተም አርፎበት ከእጅዎ ያስቀሩ፤ ስድስቱን ወር የሚቆጥሩት በእሱ ነው።